ዘንድሮ እንውጣ ወይስ እንቆጥብ? ለታችኛው ሊግ ክለብ ደጋፊና ቦርድ

በጀት የሚጸድቅበት ሰሞን በመጣ ቁጥር ደሴም ኮምቦልቻም አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። አንዱ «ሦስት አራት ስም ያለው ተጫዋች አምጥተን ዘንድሮ ፕሪሚየር ሊግ እንግባ» ይላል። ሌላው «ኧረ መጀመሪያ ደመወዝ በሰዓቱ እንክፈል» ይላል። ሁለቱም ክለቡን ይወዳሉ። ሁለቱንም ሆጤ ሜዳ ላይ ዝናብ ደብድቧቸዋል፣ ሁለቱም በሐረጎ ዳገት በሚኒባስ እየጨፈሩ ወርደው ድምፃቸው ተዘግቶ ተመልሰዋል። ስለዚህ «እሱ ክለቡን አይወድም» የሚለውን ስድብ እንተወውና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

ይህን የምጽፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጁን ለሚያወጣ ሰው ነው። የቦርድ አባል ልትሆን ትችላለህ፣ የደጋፊ ማኅበር ተወካይ ልትሆኚ ትችያለሽ፣ ወይም ዝም ብሎ ማልያ የሚገዛ ደጋፊ። የኔን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ። ክለቡ የሚኖረው በከተማ አስተዳደር በጀት ከሆነ እኔ ቁጠባውን ነው የምመርጠው። ግን ቁጠባ ማለት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ብዙ ክለብ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ዘንድሮ እንውጣ» የሚለው መንገድ

የዚህ ሐሳብ ጉልበቱ ይገባኛል። ከፍተኛ ሊግ ውስጥ፣ ማለትም ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ሊግ፣ ዓመት ከዓመት መሃል ላይ መንሳፈፍ ይሰለቻል። ደጋፊ ይቀዘቅዛል፣ ጥሩ ልጅ ሲወጣ ሌላ ክለብ ይወስደዋል፣ ስፖንሰር ስልክ አያነሳም። ፕሪሚየር ሊጉ ደግሞ በ2013 የውድድር ዓመት በሱፐር ስፖርት መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ከላይ ያለና ከታች ያለ ክለብ የሚታይበት ልክ በጣም ተራርቋል። የከተማህን ስም ቴሌቪዥን ላይ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

የዚህ ሐሳብ ደጋፊዎች ሁሌ የሚጠሩት ምሳሌ አላቸው። ንግድ ባንክ በ2015 ከከፍተኛ ሊግ አደገ፣ በ2016 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ በላ። ኢትዮጵያ መድንም ከከፍተኛ ሊግ ከተመለሰ ብዙም ሳይቆይ በ2017 ሻምፒዮን ሆነ። «አያችሁ? ደፍሮ መግባት ነው እንጂ!» ይባላል።

እሺ፣ ግን ታሪኩን እስከ ጫፍ እንንገረው። ከንግድ ባንክ ጋር በዚያው ዓመት ሌሎች ሁለት ክለቦችም አድገው ነበር፤ ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾ ዱራሜ። ንግድ ባንክ ዋንጫውን ባነሳበት በዚያው በ2016 ሁለቱም ወረዱ። አንድ ዓመት ብቻ። ሦስቱም በአንድ በር ነው የገቡት፣ አንዱ ከጀርባው የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ነበረው። መድንም እንደዚያው፣ ስሙ ራሱ ደመወዙን ማን እንደሚከፍል ይነግርሃል። የእኛ ዓይነቱ ክለብ ሲያድግ የሚመስለው ሻሸመኔንና ሀምበሪቾን ነው። ይህን ስል ልጆቹን ለማሳነስ አይደለም፣ ማደጋቸው ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ግን በጀት ስታወጣ ራስህን ማወዳደር ያለብህ ከሚመስልህ ጋር ነው።

ደደቢትንም አስታውሱ። በ2005 የአገሪቱ ሻምፒዮን ነበር። በ2011 ወረደ። ዋንጫ የበላ ክለብ እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ገና ለመግባት የሚታገል ክለብ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት አስቡት።

ሌላው ብዙ ሰው የማያሰላው ነገር አለ። ወጣን እንበል። ጨዋታው የት ነው የሚካሄደው? ከ2013 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ነው ያየነው፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ በኋላ አዳማም ተጨመረች። ይህ ለክለብ ካዝና ምን ማለት እንደሆነ ገምቱ። ቡድኑ ወራት ሆቴል ውስጥ ይከርማል። ምኝታ፣ ምግብ፣ አበል፣ ትራንስፖርት። የሜዳ መግቢያ ገቢ ደግሞ የለም፣ ምክንያቱም ደጋፊው ደሴ ነው ያለው። ሆጤ ላይ ትልልቆቹን እናያለን ብሎ ያለ የሌለውን ያወጣ ክለብ፣ ወጪው ድሬዳዋ ላይ፣ ደጋፊው ፒያሳ ካፌ ቴሌቪዥን ሥር ይሆናል። ስለዚህ «ካደግን ገቢው ራሱ ይመጣል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ የትኛው ገቢ እንደሆነ በስም እንዲጠራላችሁ ጠይቁት።

ደመወዝ ሲቆም ምን ይመስላል

ይህን ክፍል በቁጥር ብቻ ማስረዳት አልችልም፣ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ቧንቧ ውሃ አካባቢ ተከራይቼ ስኖር እዚያው ግቢ ውስጥ ከደቡብ የመጡ ሁለት ተጫዋቾች አንድ ክፍል ይዘው ነበር። የክለቡን ስም አልጠራም፣ የሚያስፈልገውም አይደለም። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ክለቡ «ዘንድሮ አንላቀቅም» ብሎ ከአቅሙ በላይ አስፈርሞ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ግቢው ሠርግ ቤት ነበር ብል አልዋሸሁም። ልጆቹ ካሸነፉ ሙዝና ብርቱካን በፌስታል ይዘው ይመጡና ለአከራያችን ይሰጧቸዋል፣ «ማዘር፣ ዛሬ ሁለት ለዜሮ» ይሏቸዋል።

ከጥር በኋላ ደመወዝ ቆመ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር። ልጆቹ ልምምድ ሄደው ሲመለሱ በጎን በር መግባት ጀመሩ። አንድ ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ቡና እየተፈላ አንደኛው ልጅ ጥቁር ፌስታል ይዞ መጣ። ፌስታሉ ውስጥ ታኬታው ነው። አጥቦታል፣ ማሰሪያውን አንድ ላይ ቋጥሮታል። «ማዘር፣ ለቤት ኪራዩ መያዣ ይሁንልኝ፣ ሌላ የሚሸጥ ነገር የለኝም» አላቸው። እሳቸው ፌስታሉን እንኳ አልከፈቱትም። «ውሰድ ልጄ፣ እግርህን አስይዘህ ልትኖር ነው እንዴ?» ብለው ቡናውን ቀዱለት። ልጁ ስኒውን ይዞ አለቀሰ። ያ ቡድን ያን ዓመት አላደገም። በሚቀጥለው ዓመትም ከሞላ ጎደል ሌላ ቡድን ነበር።

ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ባዶ ካዝና ሲመጣ መጀመሪያ የሚከፍለው የወሰነው ሰው አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ላይ ያለ፣ አገሩን ትቶ የመጣ ልጅ ነው የሚከፍለው። ከዚያ ደግሞ ክለቡ ራሱ ይከፍላል። በፊፋ ደንብ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ አሳውቆ፣ ለመክፈል ቢያንስ የ15 ቀን ጊዜ ሰጥቶ፣ ካልተከፈለው ውሉን በሕጋዊ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። ዕዳው ግን ክለቡ ላይ ይቀራል። ዕዳ ያለበት ክለብ ደግሞ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ በድፍረት የተጀመረ ዓመት የሚቀጥለውንም ዓመት ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ቁጠባው፣ ግን የትኛው ቁጠባ?

አሁን ወደ ራሴ ወገን ልምጣ። ቁጠባ የሚባለው ነገር ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱን አልደግፈውም።

የማልደግፈው ይህ ነው፤ ቦርዱ «አቅማችን ይኸው ነው» ይላል፣ ርካሽ ተጫዋች ይሰበስባል፣ ታዳጊ ቡድን በወረቀት ብቻ ያቋቁማል፣ በዓመቱ መጨረሻ ላለመውረድ ይታገላል፣ ያኔ ደንግጦ በግማሽ ዓመቱ የዝውውር መስኮት ገንዘብ ይረጫል። ይህ መተኛት ነው። ጭራሽ የበለጠ ገንዘብ የሚበላውም እሱ ነው።

የምደግፈው ቁጠባ ዘንድሮ የማይታይ ነገር ላይ የሚያወጣ ነው። አንድ ስሌት ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ የኔ ግምት ናቸው፣ በክለባችሁ ቁጥር ተኳቸው። ስምንት ልምድ ያላቸው ተጫዋቾችን በወር በ80 ሺህ ብር አመጣችሁ እንበል። በወር 640 ሺህ፣ በዓመት 7 ሚሊዮን 680 ሺህ ብር ነው። አሁን ከ17 ዓመት በታች አንድ ቡድን በደንብ ብትይዙ፣ ሁለት አሰልጣኝ፣ ማልያ፣ ኳስ፣ ትራንስፖርት፣ ከልምምድ በኋላ የሚበሉት ዳቦና ሻይ፣ በዓመት 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ያስፈልጋል እንበል። የስምንቱ ሰዎች የአንድ ዓመት ደመወዝ ያንን የታዳጊ ቡድን ከስድስት ዓመት በላይ ያኖረዋል። ስምንቱ ሰዎች ውላቸው ሲያልቅ ይሄዳሉ፣ መብታቸውም ነው። የታዳጊዎቹ ግን ስድስት ዓመት ነው። የዛሬ 14 ዓመት ልጅ ያኔ 20 ዓመቱ ነው።

ከልጆቹ የሚመጣ ገንዘብም አለ። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲሸጥ፣ ከዝውውሩ ክፍያ 5 በመቶው ልጁን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች እንዲከፋፈል ፊፋ ያዛል። ከ16 ዓመት ጀምሮ ለእያንዳንዱ የሥልጠና ዓመት ግማሽ በመቶ ይደርሳል። ከ16 ዓመቱ ጀምሮ አራት ዓመት የያዛችሁት ልጅ በኋላ በ200 ሺህ ዶላር ቢሸጥ 4 ሺህ ዶላር የእናንተ ነው፣ ልጁ እናንተን ከለቀቀ ቢቆይም እንኳ። ግን ለዚህ ልጁ በእናንተ ስም በትክክል መመዝገቡ ግድ ነው። ወረቀት የሌለው ክለብ ልጁንም ገንዘቡንም ያጣል። አጥቂው አቡበከር ናስር በ2014 ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ ሁላችንም ደስ ብሎን አጨብጭበናል፤ ቀጣዩ ከወሎ ቢወጣ ግን ፋይሉ የት ነው ያለው?

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሆጤ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ማዶ ያለውን ጎል ይሸፍነዋል። አንድ ቀን ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት አሰልጣኝ በሃይላንድ ጠርሙስ መስመር ሠርቶ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆችን ያሠራል፣ ኳሱ ሁለት ነው፣ አንደኛው ቆዳው ተገንጥሏል። አንድ ልጅ ግራ እግሩ ላይ ብቻ ታኬታ አድርጓል፣ ቀኙን ጓደኛው ነው ያደረገው። ሁለቱም ግራና ቀኝ ተከፋፍለው ይጫወታሉ። ስለ «ትልቅ ሕልም» የሚያወራ ሰው እዚያ ሄዶ ይይ። ትልቁ ሕልም እዚያ ነው ያለው፣ የጎደለው ኳስና ታኬታ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ኳስና ጫማ ዋጋው የት እንደደረሰ ሱቅ ገብቶ የጠየቀ ያውቀዋል።

ኮምቦልቻ ከደሴ ይለያል?

ትንሽ ይለያል። በመካከላችን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ግን ኮምቦልቻ ፋብሪካ አላት። ቢራው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ። ደሴ የንግድና የሕዝብ ከተማ ናት። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ትልቅ ስፖንሰር የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል፣ ደሴ ላይ ደግሞ ብዙ ትንንሽ ነጋዴን ማሰባሰብ ይቀላል። እኔ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። እንደ ዕድር አስቡት፤ መቶ ሰው ትንሽ ትንሽ ሲያዋጣ አንዱ ቢቀር ዕድሩ አይፈርስም። አንድ ሰው ብቻውን ሲሸከመው ግን እሱ የታመመ ቀን ያበቃል።

ይህ የታየው ስኮትላንድ ውስጥ ነው። ግሬትና የሚባል ክለብ ነበር፣ 3 ሺህ ገደማ ሰው ከሚኖርባት ከተማ። ብሩክስ ማይልሰን የሚባል ባለሀብት ገንዘቡን አፈሰሰበት። በሦስት ተከታታይ ዓመታት ሦስት ሊግ ወደ ላይ አደገ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የስኮትላንድ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በመለያ ምት ብቻ ተሸነፈ፣ በ2007 ዋናው ሊግ ገባ። ሜዳው ደረጃውን ስለማያሟላ የሜዳ ጨዋታዎቹን ማዘርዌል ሄዶ ነበር የሚያደርገው። ከዚያ ሰውየው ታመመ፣ ገንዘቡ ቆመ፣ ክለቡ በ2008 ፈረሰ። ከዋናው ሊግ ወደ ምንም፣ በአንድ ዓመት።

በተቃራኒው እንግሊዝ ውስጥ ሉተን ታውንን እዩ። ባለፉት አስተዳደሮች የገንዘብ ጥፋት ምክንያት እ.ኤ.አ. የ2008/09ን ውድድር ከዜሮ በታች 30 ነጥብ ይዞ ጀመረ። ወረደ፣ ከዋናዎቹ አራት ሊጎች ጭራሽ ወጣ። ደጋፊ የሆኑ ሰዎች ተሰባስበው ያዙት። ለመመለስ አምስት ዓመት ፈጀባቸው፣ በ2014 ተመለሱ፣ በ2023 ፕሪሚየር ሊግ ገቡ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ወርደዋል፣ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም፤ ቆጣቢ መሆን ከመውረድ አያድንም። ግን ሲወርዱ ክለብ ሆነው ነው የወረዱት፤ ግሬትና ግን ጠፋ። ልዩነቱ ለኔ ይህ ነው።

ከቤታችንም አለ። ወልድያ ጎረቤታችን ናት። በእኛ አቆጣጠር በ2009 የተመረቀው ስታዲየም ከአገሪቱ ምርጦች አንዱ ነው፣ ሼህ መሐመድ አል አሙዲን ያሠሩት። ቡድኑ ግን በ2010 ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ። ስታዲየሙ ግን እዚያው አለ፣ የወልድያ ልጅ ነገም ይጫወትበታል። ገንዘብ ሜዳ ላይ ሲውል ቡድን ቢወርድ እንኳ የሚቀር ነገር አለ።

እንግዲህ የቱ ለማን ይስማማል?

ከጀርባችሁ ባንክ ወይም ትልቅ ድርጅት ካለ፣ እሱም ለሦስት ዓመት በጽሑፍ ከፈረመ፣ ሂዱ፣ ደፍራችሁ አስፈርሙ። ያንን ዕድል ይዞ መተኛት ጥፋት ነው።

አንድ ባለሀብት «እኔ አለሁ» ካላችሁ፣ አመስግኑና ገንዘቡን ለሜዳ፣ ለካምፕ፣ ለታዳጊ ቡድን አውሉት። ደመወዝ በእሱ ቃል ላይ አትስቀሉ።

የምትኖሩት በከተማ በጀት ከሆነ ቆጥቡ። ይህን የምለው በሒሳብ ብቻ አይደለም። በ2014ቱ ጦርነት ሁለቱም ከተሞቻችን ምን እንዳዩ እናውቃለን፣ ሆስፒታል ሳይቀር ተዘርፎ እንደገና ነው የተቋቋመው። የዚህ ሕዝብ ግብር ለአንድ ዓመት ቁማር አይሆንም። ተጫዋቹ ይከፈለው፣ በሚገባ ይከፈለው፣ ግን ካለው ገንዘብ።

አንድ ሁኔታ ላይ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ቡድኑ በራሱ ልጆች ግማሹን ዓመት መሪ ሆኖ ከጨረሰ፣ የሦስት ወር ደመወዝ ባንክ ከተቀመጠ፣ የጎደለውም አንድ አጥቂና አንድ በረኛ ብቻ ከሆነ፣ ያኔ አምጡ። እንዲህ ያለው አጋጣሚ በየዓመቱ አይመጣም፣ ልጆቹም ይገባቸዋል። ደጋፊውም ያኔ ቢጠየቅ ያዋጣል። የቡና ደጋፊዎች ማልያ እየገዙ ክለባቸውን ለዓመታት እንዴት እንደደገፉ አይተናል፣ እኛ ከማን እናንሳለን?

ጉባኤው ላይ ስትገቡ ታዲያ እነዚህን ጠይቁ፣ መልሱንም በቃለ ጉባኤ አስይዙ። ዛሬ ለተጫዋች፣ ለአሰልጣኝና ለሆቴል ስንት ዕዳ አለብን? የሚመጣው የሦስት ወር ደመወዝ ባንክ አለ ወይስ «ይለቀቃል» የተባለ በጀት ነው? ሒሳባችን በውጭ ኦዲተር የታየው መቼ ነው? ካደግን የሆቴሉን ወጪ ማን ይከፍላል? ከ17 ዓመት በታች ቡድናችን ስንት የተመዘገበ ልጅ አለው፣ ስንትስ ታኬታ?